«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባለ ሠራተኛ፦ ደብዳቤው፣ ሒሳቡ፣ የይርጋው ቀን

ሚዛን (ክሩን የከፈተ)

አንድ ዓይነት ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የግል ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው አለቃው ጠርቶ ወይም ደውሎ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ይለዋል። ደብዳቤ አይሰጠውም። ሰውየው ሁለት ወር ሽማግሌ ሲልክ ይቆይና ከዚያ በኋላ ሕግ ይጠይቃል። መልሱ ተበታትኖ ስለቀረ እዚህ እንሰብስበው። የምናወራው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር እዚህ አይገባም።

ዋናው ችግር ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። አሠሪው ደብዳቤ አለመጻፉ ሠራተኛውን የሚጠቅም ይመስላል፤ ስንብት በጽሑፍ መሆን፣ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን መግለጽ አለበትና። ፍርድ ቤት ሲደረስ ግን ድርጅቱ «እኛ መቼ አሰናበትነው? ራሱ ሥራ ጥሎ ጠፋ» ይላል። ያኔ ክርክሩ ስለ ምክንያቱ መሆኑ ይቀርና «ተሰናብቷል ወይስ ቀርቷል» ወደሚለው ይዞራል፤ ይህን የሚያስረዳው ደግሞ ከሳሹ ሠራተኛ ነው። መሰናበቱ ከተረጋገጠ ወዲያ በቂ ምክንያት እንደነበረ ማስረዳት የአሠሪው ፈንታ ይሆናል።

ስለዚህ በቃል የተባረረ ሰው በማግስቱ በመደበኛው ሰዓት ሥራ ቦታው ይሂድ። ጥበቃው ካላስገባው ማን እንደከለከለው፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ማን እንዳየ ወዲያው ይጻፍ። በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ያዘጋጅ፦ «በዚህ ቀን በእገሌ በቃል ተሰናብተሃል ተብያለሁ፤ ለመሥራት ዝግጁ ሆኜ ብቀርብም ተከልክያለሁ፤ ስንብት ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ካልሆነ ወደ ሥራዬ ልመለስ»። ሁለት ቅጂ ያትምና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያስመታ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ ደረሰኙ ይቀመጥ።

---

ጣና 77

ጥሩ ነው፤ ግን ደብዳቤው ውስጥ ስድብና ምሬት አይግባ። አንዳንዱ ሰው ሦስት ገጽ ጽፎ መሐል ላይ «እኔም መሥራት አልፈልግም ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ይሸጉጣል። የድርጅቱ ጠበቃ ያቺን አንዷን መስመር ነው አስምሮ የሚያቀርበው።

---

አንቀጽ ቆጣሪ

ሚዛን ባነሳው «ጥሎ ጠፋ» ላይ ልጨምር። አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ (ስንብቱ አስቀድሞ ሳይነገር) የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። መቅረትን በተመለከተ፣ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው መሆን አለበት። ማርፈድም ቢሆን በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ፣ አሁንም በጽሑፍ እየተነገረው። «ሦስት ቀን ስለቀረህ ተባረሃል» የሚል ድርጅት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከሌለው ይቸገራል።

ሁለተኛ፣ አሠሪው የስንብት ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ባለፈው ዓመት የጠፋን ዕቃ ዘንድሮ መዝዞ ማባረር አይሠራም። ጉድለቱን ያወቀበትን ቀን ግን ድርጅቱ የኦዲት ሪፖርት ከደረሰው ዕለት ጀምሮ ሊቆጥረው ስለሚሞክር ሠራተኛው «ቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚያሰኝ ኢሜይል ወይም ቃለ ጉባኤ መፈለግ አለበት።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤ ሲሰጥ «አልፈርምም» ብሎ ጥሎ መሄድ የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ። አንቀጽ 34 ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም ካልተቀበለ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን መለጠፍ በቂ ነው ይላል። ተቀበሉት። ከፊርማው ጎን «በይዘቱ አልስማማም፣ መቀበሌን ለማረጋገጥ ብቻ» ብሎ ቀን መጻፍ ይበቃል።

---

ብርሃን ከመገናኛ

ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ ግልጽ አድርጉልኝ። አንዱ ሦስት ወር፣ አንዱ ስድስት ወር፣ አንዱ አንድ ዓመት ይላል።

---

አንቀጽ ቆጣሪ

ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚጠየቀው ነገር ነው። አንቀጽ 163፦

ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ጥያቄ፣ ውሉ ከተቋረጠ 3 ወር።
ከውሉ መቋረጥ የተነሳ ለሚጠየቅ ማንኛውም ክፍያ፣ ከተቋረጠበት ቀን 6 ወር።
ላልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት፣ እያንዳንዱ መከፈል ከነበረበት ቀን 6 ወር።
ሌላው ልዩ ጊዜ ያልተቀመጠለት፣ 1 ዓመት።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓት ደምሮ ይመጣል። ስድስት ወር ያለፈው ያለፈ ነው። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል። ስለዚህ «ያለብንን ትርፍ ሰዓት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንከፍላለን» የምትል የፋይናንስ ክፍል ኢሜይል ወርቅ ናት፤ አትጥፏት።

---

ሸንጎ

እኔ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሥራና ክህሎት ቢሮ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት እላለሁ። ከሰስኩህ ብሎ የተነሳ ሰው ተመልሶ እዚያ ቤት አይሠራም።

---

ሚዛን

ሽማግሌ መላኩን አልቃወምም። ሽማግሌ ግን ይርጋ አያቆምም። «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ሆን ተብሎ ነው። 3 ወሩ ሲሞላ የመመለስ ጥያቄው ይሞታል፣ የድርጅቱም የመደራደሪያ ዋጋ በዚያው ይወርዳል። ሽማግሌው በአንድ በኩል ይሂድ፣ ክሱ በሌላ በኩል ይከፈት፤ ከታረቁ ስምምነቱን መዝገቡ ላይ አስመዝግቦ መዝጋት ይቻላል። እንዲያውም ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚፈጸም ከሽማግሌ ወረቀት ይሻላል።

ሥራና ክህሎት ቢሮ መሄድም አይከፋም፤ ተቆጣጣሪ ልከው ድርጅቱን ሊያዩ ይችላሉ። ክሱን ግን አይተካም።

---

አንቀጽ ቆጣሪ

እዚህ ላይ አንድ ማረሚያ። አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ከቀረበ፣ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ይርጋው ይቋረጣል። ስለዚህ ቢሮው ጋ መሄድ ከንቱ አይደለም። ልዩነቱ በቃል አማክሮ መመለስና በጽሑፍ አቤቱታ አስገብቶ ቁጥርና ማኅተም ማግኘት ላይ ነው። የመጀመሪያው ምንም አያቋርጥም። ሁለተኛው ግን ያቋርጣል። በሰላም መተኛት የፈለገ ሰው በ3 ወር ውስጥ ክስ ይክፈት።

---

የደመወዝ መዝገብ

ሒሳቡን ልሥራ፤ በየውስጥ መስመሩ የምጠየቀው እሱን ነው። ምሳሌ፦ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ፣ ደመወዝ 12,000 ብር፣ ትራንስፖርት አበል 3,000 ብር፣ አገልግሎት 4 ዓመት ከ6 ወር፣ ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ተብሎ ቢወሰንና ባይመለስ።

መጀመሪያ አበሉን አውጡት። በአንቀጽ 53 ደመወዝ ማለት መደበኛው ክፍያ ነው፤ ትርፍ ሰዓት፣ ውሎ አበል፣ ትራንስፖርት፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን አይገቡም። 15,000 ይዞ የሚያሰላ ሰው መልስ ሲመጣለት ይደነግጣል። ደመወዝን አሳንሶ አበልን የሚያበዛ ቅጥር ጉዳቱ የሚታየውም በዚህ ቀን ነው።

የቀን ደመወዝ፦ 12,000 ÷ 30 = 400 ብር።

የሥራ ስንብት ክፍያ (አንቀጽ 40)፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 12,000። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 4,000፤ ለ3 ዓመት ተኩል 14,000። ድምር 26,000። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ስለሆነ እዚህ አይነካንም። «ለየዓመቱ አንድ አንድ ወር» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ አይገባኝም፤ አዋጁ እንደዚያ አይልም።

ካሳ (አንቀጽ 43)፦ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 180 × 400 = 72,000።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ (አንቀጽ 35)፦ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 በላይ 3 ወር። የኛ ሰው 2 ወር፣ 24,000።

እስካሁን 122,000 ብር፣ ከግብር በፊት።

ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይለወጣል፤ ዕረፍትን በገንዘብ መለወጥ የሚፈቀደው ውል ሲቋረጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። 20 ቀን ቀረው እንበል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ፦ ዕረፍቱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ ሠራተኛው ለ26 (ለወሩ የሥራ ቀናት) አካፍሎ 461.54 × 20 = 9,230.80 ይጠይቃል፣ ድርጅቱ ለ30 አካፍሎ 8,000 ይላል። በ26 አስልታችሁ ስሌቱን ክሱ ላይ አሳዩ።

መዘግየት፦ ሒሳቡ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት (አንቀጽ 36)። ካልተከፈለ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል (አንቀጽ 38)፣ እዚህ እስከ 36,000 ማለት ነው። «እስከ» የምትለዋን ቃል እዩ። ላፕቶፕ ወይም ቁልፍ ሳይመልሱ «ዘገየብኝ» ማለት ደግሞ አያስኬድም። መልሱ፣ የርክክብ ሰነድ ይዛችሁ ውጡ።

---

ብርሃን ከመገናኛ

ምክንያቱ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ካልሰጡስ? 72,000ውም ይገኛል?

---

የደመወዝ መዝገብ

አይገኝም። በማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት በቂ ምክንያት እያለ ማስጠንቀቂያው ብቻ ከቀረ፣ አንቀጽ 44 የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ነው የሚሰጠው። በምሳሌያችን 24,000።

በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ ማስጠንቀቂያው 2 ወር፣ ከስንብት ክፍያው በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በምሳሌያችን 26,000 + 24,000 = 50,000፣ የማስጠንቀቂያው 2 ወር ሳይቆጠር።

---

ሸንጎ

መመለስ ይሻላል ወይስ ገንዘቡ? ብዙ ሰው «ሁለቱንም» ብሎ ይጽፋል።

---

ሚዛን

ክሱ ላይ በአማራጭ ማቅረብ ይቻላል፦ «ወደ ሥራ እንድመለስ ውዝፍ ደመወዝ ተከፍሎኝ ይወሰን፤ ይህ ባይሆን ካሳው፣ የማስጠንቀቂያውና የስንብት ክፍያው ይወሰንልኝ»። ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥምና እያንዳንዱን ክፍያ በስሙና በመጠኑ ዘርዝሩ። «ሌላም ሕጉ የሚፈቅደው» የምትል መዝጊያ መስመር የተረሳ 24,000 ብር አታመጣም።

ምርጫው ላይ፦ የሚመለስ ሰው የሚያገኘው ውዝፍ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር፣ በይግባኝ ሲጸና ከ1 ዓመት አይበልጥም። ክርክሩ ሁለት ዓመት ቢፈጅ ቀሪው የለም። ደግሞም ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግ እንኳ ግንኙነቱ ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በካሳ ሊያሰናብት ይችላል። አራት ሰው ያለበት ቢሮ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ለተጣላ ሰው መመለስ በወረቀት ብቻ ነው። ብዙ ሠራተኛ ባለበት ፋብሪካ፣ በተለይ ብዙ ዓመት ላገለገለ ሰው፣ መመለሱ ከገንዘቡ ሊበልጥ ይችላል።

ስንብቱ የማኅበር አባል በመሆን፣ አሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረብ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በጋብቻ ሁኔታ፣ በእርግዝና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ የመመለስ ጥያቄው በጣም ይጠነክራል። ነፍሰ ጡርን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። እርግዝናዋን ለድርጅቱ ያሳወቀችበት የሕክምና ወረቀት ቅጂ እጇ ላይ ይኑር።

---

ወለላ ማር

ጥያቄ ለሁላችሁ። ድርጅቱ «መልቀቂያ ጻፊና የሥራ ልምዱን እንሰጥሻለን፣ አለዚያ አታገኚም» ቢል? ሌላው ቦታ ልምዱን እየጠበቀ ከሆነስ?

---

አንቀጽ ቆጣሪ

እህቴ፣ መልቀቂያ አይጻፍ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ፣ አሠሪው የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰነድ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ጊዜና ደመወዙን ይገልጻል። የመልቀቂያ ዋጋ አይደለም። በራስ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ካሳውንም የማስጠንቀቂያውንም ክፍያ ያጣል፣ አገልግሎቱ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የስንብት ክፍያውንም። በምሳሌው 122,000 ብር በአንዲት ገጽ ወረቀት ሄደ ማለት ነው። ልምዱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ካልሰጡ ክሱ ውስጥ እንደ አንድ ዳኝነት ይግባ።

ክሊራንስ ጋር የሚመጣ «ከእንግዲህ ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል ወረቀትም አለ። አንቀጽ 25 በስምምነት የሚደረግ መቋረጥ በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት መተዉ ውጤት እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ የፈረመ ሰው ሁሉ አለቀለት ማለት አይደለም። ባይፈረም ግን ክርክሩ ያጥራል። ለተቀበሉት ገንዘብ ብቻ «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ፈርሙ።

---

ጣና 77

ክሱን ስለማስገባት ማንም ዝርዝር አልጻፈም። አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፣ ክልል ላይ ወረዳ ፍርድ ቤት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ።

የተከሳሹ ስም ላይ ተጠንቀቁ። በር ላይ የተጻፈው «እገሌ ካፌ» የንግድ ስም ነው፤ የሚከሰሰው በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ግለሰብ ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ትክክለኛው ስም በውሉ፣ በደመወዝ ወረቀቱ፣ ካልሆነም ድርጅቱ ለደንበኛ በሚቆርጠው ደረሰኝ አናት ላይ ከግብር ከፋይ ቁጥሩ ጋር አለ። ስም ተሳስቶ የተከፈተ መዝገብ በመቃወሚያ ይዘጋና እንደገና ሲከፈት 3 ወሩ አልፎ ይገኛል።

ማስረጃ፦ ውል ካለ ውሉ። ከሌለ የባንክ ስቴትመንት በየወሩ ከማን እንደገባ ያሳያል፣ መታወቂያ፣ የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)፣ በቴሌግራም የተላከ የሥራ ትእዛዝ ከነስልክ ቁጥሩ። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብት አያሳጣም። ድርጅቱ እጅ ያለ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሰዓት ፊርማ መዝገብ፣ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብልኝ» ብላችሁ የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት። ምስክር ስትቆጥሩ አሁንም እዚያው የሚሠራ ሰው ላይ ብቻ አትደገፉ፤ እንጀራው ነውና መጥሪያ ሲደርሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ከዚያ ቤት የለቀቀ ባልደረባ ይሻላል።

አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል። በዚያ ቀጠሮ ኑሮን አታቅዱ። ይግባኝ በ30 ቀን።

---

ዘሪሁን የገርጂ

የሙከራ ጊዜ ላይ ያለስ? «ሦስት ወር ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ በ80ኛው ቀን ቢባረር?

---

አንቀጽ ቆጣሪ

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም (አንቀጽ 11)፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 60 የሥራ ቀን 10 ሳምንት ነው። በሙከራ ውስጥ ለሥራው አልተስማማም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ካሳ ይወጣል። 80ው የሥራ ቀን ከሆነ ሙከራው አልፏል፣ መደበኛ ሠራተኛ ነው። የቀን መቁጠሪያ 80 ቀን ከሆነ ግን እሑድና በዓላትን ቀንሰህ ቁጠር፤ 65 አካባቢ ስለሚመጣ እያንዳንዷ በዓል ትወስናለች።

---

ወለላ ማር

«ማናጀር» የሚል ማዕረግ ያለው ሰውስ? እና የቤት ሠራተኛ?

---

ሚዛን

የሥራ መሪ ከአዋጁ ውጭ ነው። የሚታየው ግን ማዕረጉ አይደለም፤ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመቅጣት ሥልጣን በእርግጥ አለው ወይ ነው። ሁለት ሰው የሚያዝ «የሽያጭ ማናጀር» ያለ ዋናው ባለቤት ፈቃድ ማንንም የማይቀጥር ከሆነ ድርጅቱ «የሥራ መሪ ነው» ቢልም መከራከር ይቻላል። የሥራ ዝርዝር መግለጫው ላይ የተጻፈውን ቀድማችሁ አንብቡ፤ የሌለ ሥልጣን ተጽፎ የተፈረመበት ሊኖር ይችላል።

የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አትሸፈንም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው የምትታየው፣ ያውም በጥቂት አንቀጾች። ከላይ የተሠራው የ180 ቀን ሒሳብ ለእሷ አይሠራም። ለዚያ የተለየ ክር ቢከፈት ይሻላል።

---

ብርሃን ከመገናኛ

የመጨረሻ። በየ6 ወሩ ውል እያደሱ የሚያሠሩና በ9ኛው እድሳት «ውልህ አለቀ» የሚሉስ?

---

አንቀጽ ቆጣሪ

ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገመተው። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፦ ለተለየ ሥራ፣ በዕረፍት ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ድንገተኛ የሥራ መብዛት ሲኖርና የመሳሰለው። የባንክ ቤት ጽዳት ወይም የሱፐርማርኬት ካሸር በየቀኑ ያለ ሥራ ነው፤ ወረቀቱ «6 ወር» ስላለ ባሕርይው አይለወጥም። ክሱ ላይ መጀመሪያ «ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ይባልልኝ» ብለህ ጠይቅ፣ ቀጥለህ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው በል። ዘጠኙንም ውል በቀን ቅደም ተከተል አያይዝ። በሁለት ውል መካከል የ3 እና የ5 ቀን ክፍተት ትተውብህ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ሥራ ላይ እንደነበርክ የሚያሳይ የሰዓት ፊርማ ወይም መልእክት ፈልግ።